አሥራ አንዱ የሀቢሶ ደብተር

ያን ዓመት ክረምቱ ክፉ ነበር። ክረምት ይሉታል እንጂ ዝናብ የለው፣ ጭቃ የለው፣ ነጎድጓድ የለው። የጆሃንስበርግ ክረምት ደረቅ ነው፤ ሰኔ ሲገባ ሣሩ ይነጣል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ብርዱ በቆርቆሮው ስንጥቅ እየሾለከ መጥቶ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። ካትሌሆንግ ውስጥ ፀሐይ ዘንበል ስትል ሰው ሁሉ የተበሳሳ በርሜሉን ግቢ ያወጣና ከሰል ያቀጣጥልበታል። ሰፈሩ በጢስ ይታፈናል፤ የታጠበው ልብስ እንኳ ጢስ ጢስ ይላል። አማረች ያንን ጢስ እስከ ዛሬ ባሸተተችው ቁጥር ትናደዳለች። ብርዱ አይደለም የሚያናድዳት፤ ብርድማ ከላይ የመጣ ነው። ከሚነደው መሃል ወረቀት ያለ እየመሰላት ነው።

ያኔ እሷና ታናሽ ወንድሟ ሀቢሶ የአንዲት የዙሉ መበለት ጋራዥ ተከራይተው ሱቅ ይሠሩ ነበር። ሱቁ ከፊት የብረት ፍርግርግ አለው፤ ደንበኛው እጁን በቀዳዳው ያስገባና ዳቦውን፣ ሳሙናውን፣ የስልክ ካርዱን ይቀበላል። እሷ ትሸጣለች። እሱ ከኋላ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ይቀመጥና ይጽፋል። ሰው ሲበዛባት ትጮህበታለች።

«አንተ ሰውዬ! ዳቦው አለቀ እኮ! ወይስ እሱንም ጽፈህ ልታመጣልኝ ነው?»

«ቆይ እቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእንሰት ችግኝ ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ እናታችን ምን ነበር የምትለው?»

«እኔ እዚህ በዳቦ ሰልፍ እየታረድኩ አንተ ስለ እንሰት ትጠይቀኛለህ?»

ትላለች፤ ከዚያ ግን ትነግረዋለች። ስሙን ሰምቶ እንደ ሕፃን ፈገግ ሲል ንዴቷ ግማሹ ይበርድላታል።

ደብተሮቹ አሥራ አንድ ነበሩ። ሽፋናቸውን በዳቦ ላስቲክ ለብጦ፣ ሁሉንም አንድ ላይ በቀይ የብርድ ልብስ ማሠሪያ ገመድ ጠፍሮ ከዱቄቱ ማዳበሪያ ጀርባ ያስቀምጣቸዋል። በውስጣቸው ያለው የሀድያ ቃል ነው። የከብት መልክ፣ የአጥር ዓይነት፣ እንሰት ከችግኝ እስከ ቆረጣ በየዕድሜው የሚጠራበት ስም፣ የዘር ቆጠራ እስከ አሥራ ሰባት ትውልድ፣ የሴቶች የለቅሶ ግጥም፣ የወንዶች ፉከራ። አራተኛው ደብተር ውስጥ ደግሞ ወንጌል ወደ አገሩ ሳይገባ፣ ዝናብ ሲጠፋ አያቶች ወደ ሰማይ የሚሉት ልመና ነበረበት። ይኸኛው ነው ኋላ ላይ ጉድ ያፈላው።

ሀቢሶ የተማረ ሰው አይደለም። ከሾኔ ወዲያ ካለች መንደር ተወልዶ፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋርጦ፣ በሞያሌ ወጥቶ አገር ላገር እየተሻገረ ነው ጆበርግ የደረሰው። እንደ ማንኛውም የኛ ሰው በብርድ ልብስ ጀመረ። አራት ብርድ ልብስ በጀርባው ተሸክሞ ጀርሚስተን ውስጥ በር ለበር ያንኳኳል፤ ውሻ ያባርረዋል፣ ጥበቃ ያባርረዋል። አንድ ቀን አንዲት ነጭ አሮጊት ከፈቱለት። ሚስስ ቤቫን ይባላሉ፤ እሱ ግን ከዙሉዎቹ እንደ ለመደው «ጎጎ» ነው ያላቸው፣ አያቴ እንደ ማለት። ነጭ ሴትዮ ጎጎ ሲባሉ በሳቅ ሞቱ። ብርድ ልብሱን ሲያዩ ማሸጊያው ካርቶን ላይ የጫረውን ፊደል ተመለከቱ።

«ይሄ የአገራችሁ ቋንቋ ነው?»

«አይደለም ጎጎ። የአገሩ ሌላ ነው። ይሄ የቤታችን ነው።»

አሮጊቷ ፊደሉን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ፣ «የኔም አባት እንደዚያው ነበር» አሉት። አባታቸው ለማዕድን ሥራ ከዌልስ የመጣ ሰው ነው። ዌልስ ማለት ከእንግሊዝ ጎን ያለች ተራራማ አገር ናት፤ ሰው ሁሉ እንግሊዝ ነው የሚላት፣ እሷ ግን የራሷ ቋንቋ አላት። አሮጊቷ ከአባታቸው የቀራቸው ቃል ከአንድ እፍኝ አይበልጥም። ይኼን ሲነግሩት ዓይናቸው እንባ አቀረረ። በሚመጣው ጊዜ ሲሄድ አንድ መጽሐፍ ሰጡት፤ ከአራት መቶ ዓመት በፊት የነበሩ የዌልስ ገጣሚዎችና ሊቃውንት ሕይወት የተጻፈበት።

ያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ነው፤ የሀቢሶ እንግሊዝኛ ደግሞ የሱቅ ነው። ገጹን እንደ ጠጠር መንገድ እየተደናቀፈ፣ ስልኩ ላይ ትርጉም እየፈለገ ሁለት ዓመት አነበበው። ያነበበውን ደግሞ ለአማረች ካልነገራት አይሆንለትም።

«ስሚኝ እቴ። እነዚህ ገጣሚዎች ገናና ፋሲካ ሲደርስ ከባለርስት ቤት ወደ ባለርስት ቤት ይዞራሉ። ይመገባሉ፣ ይከበራሉ፣ የባለቤቱን ዘር ማንዘር በግጥም ይቆጥሩለታል።»

«እንግዲህ ስራ ፈት ናቸው በለኛ።»

«ሌላው ደግሞ እስር ቤት ሆኖ የድሮ ጽሑፍ ሲገለብጥ ኖረ። እስር ቤት! ፊደሉን ሐረግ እየሳለበት።»

«ምን አጥፍቶ?»

«እሱን ተይው። አንደኛው ደግሞ በሃይማኖቱ ተሰዶ ጣሊያን አገር ተቀምጦ የቋንቋውን ሰዋስው አሳተመ። እንደኛ ስደተኛ ነው።»

«ሃይማኖቱ ምን ነበር?»

«ካቶሊክ።»

«ተው እንግዲህ!» አለች ጴንጤዋ አማረች፣ ሳቋን እየዋጠች። ከዚያ ዳቦ እያቀበለች ጠየቀችው፤ «ይሄ ሁሉ ወንድ ተቀምጦ ሲጽፍ፣ ምግቡን ማን ነበር የሚሠራው?»

ሀቢሶ መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አደረገ። «እሱን አይልም።»

«አይልማ! የት አባቱ ይላል!»

ከዚያ ሁሉ ግን ልቡን የነካው አንድ ነገር ነው። በዚያው ዘመን የዌልስ ካህናት መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ቋንቋቸው ሲመልሱ ቃሉን ያገኙት ከነዚያ ዘዋሪ ገጣሚዎች ነው። ገጣሚዎቹ የሚያወድሱት ፈረስና ጠጅ ነበር፤ ካህናቱ ያንኑ ቋንቋ ወስደው የጌታን ነገር ተናገሩበት። ሀቢሶ ይኼን ባነበበ ቀን ከሳጥኑ ተነሣ። «አየሽ? አሮጌውን ቃል የጠበቀ ሰው ባይኖር አዲሱ በምን ይነገር ነበር?» አላት። አማረች ያን ጊዜ ስኳር እየሰፈረች ነበር፤ አልመለሰችለትም። ዛሬ ያ አለመመለሷ ያናድዳታል።

ከሱ ደግሞ አንድ ነገር ደብቃለች። እናታቸው የበኩር ልጇን ስትቀብር ያለቀሰችበት ግጥም አለ፤ ረጅም ነው፣ ሀገሬው በሙሉ ያውቀው ነበር። ሀቢሶ ያኔ አልተወለደም። እናታቸው እርጅና ሲጫናት ስታንጎራጉር የሰማውን ሁለት ስንኝ ብቻ ነው የያዘው። ሙሉውን የምታውቀው ከእናቷ ጎን የተቀመጠችው አማረች ናት። አሥር ዓመት ለመናት። «ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ለቅሶ አልዘፍንም» ትለዋለች። እሱም አሥራ ሁለተኛ ደብተር ገዝቶ፣ ባዶውን፣ ከሻማው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠላት። «የአንቺ ነው፤ ልብሽ ሲፈቅድ» አላት።

የሚጸልዩባት ቤተ ክርስቲያን ጀርሚስተን ውስጥ የተከራዩት አዳራሽ ነው። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ምሕረቱ ይባላል፤ የአገራቸው ልጅ፣ ድምፀ መልካም፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ። ሀቢሶ ለዚያች ቤተ ክርስቲያን አንድ መዝሙር በሀድያ ቃል ሠርቶላት ነበር፤ ምእመኑ ሲዘምረው ያለቅሳል። «ቅጠሌ ቢረግፍ፣ ሥሬ አንተ ደጅ ነው» ይላል ወደ አማርኛ ሲመለስ። ምሕረቱም ያለቅስበት ነበር፤ እጁን ዘርግቶ። አራተኛው ደብተር ውስጥ ምን እንዳለ እስኪሰማ ድረስ።

«ወንድም ሀቢሶ፣ የጣዖት ልመና ትሰበስባለህ ይባላል» አለው አንድ እሑድ በሰው ፊት።

«የአያቶቼን ልመና ነው ሽማግሌ። ዝናብ ነው የለመኑት።»

«ከማን?»

«ከሰማይ። እርስዎ ዝናብ ከየት ነው የሚለምኑት?»

ሰው ሳቀ። ምሕረቱ አልሳቀም። ሀቢሶ ይባስ ብሎ የዌልስን ካህናት ታሪክ ጀመረለት፤ ምሕረቱ ግን «የፈረንጅ ተረት ነፍስ አያድንም» ብሎ ጀርባውን ሰጠው። አማረች ወደ ሱቅ ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ወንድሟን ነው የተቆጣችው። «ሰው ፊት ሽማግሌ አዋርደህ ምን ታተርፋለህ?» ብላ። ምሕረቱን ሳይሆን እሱን! ይኼንንም ዛሬ ታስታውሰዋለች።

ያን ክረምት ሱቁ ተዘረፈ። በጠራራ ፀሐይ ጎረምሶች ፍርግርጉን በድንጋይ ሰብረው ገቡ፤ ዘይቱን፣ ዱቄቱን፣ ማቀዝቀዣውን ሳይቀር ተሸክመው ሄዱ። ደብተሮቹን ግን አልነኩም፤ ወረቀት ለሌባ ምን ያደርግለታል! ሁለቱ ጠግነው ከፈቱ። በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ተዘረፉ። ሀቢሶን በዱላ ትከሻውን መቱት። አማረች እንቅልፍ አጣች። ሰው እንቅልፍ ሲያጣ ደግሞ ነገር ፈላጊ ይሆናል፤ «ለምን እኛ? ለምን ሁለት ጊዜ?» እያለ።

በዚያው ሰሞን ከአገር ቤት አንድ ነቢይ መጣ ተብሎ ጀርሚስተን ላይ ጉባኤ ተደረገ። ነቢዩ ገና ጎረምሳ ነው፤ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ የተጣበቀ፣ ማይክ ጨብጦ የሚወራጭ። ሀቢሶ አልሄደም፤ ትከሻው ያመው ነበር። ነቢዩ በሕዝቡ መሃል እያለፈ መጥቶ አማረች ፊት ቆመ።

«እናቴ፣ ሱቅ አየሁ። ሁለት ጊዜ የተሰበረ በር አየሁ።»

«አሜን» አለች።

«ከዱቄት ጀርባ ጥቅል አየሁ። በቀይ ገመድ የታሰረ። የአባቶች መንፈስ ተጽፎበታል! እሱ እስካለ ድረስ በርሽ አይዘጋም!»

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። አማረች ወደቀች። ቀይ ገመዱን ማን ነገረው? ከዱቄቱ ጀርባ መሆኑን ማን ነገረው? ያን ጊዜ መንፈስ ቅዱስ ነው አለች። ከዘረፋው በኋላ ሊያጽናና የመጣው፣ ሱቁ ውስጥ ገብቶ ዱቄቱ ላይ ተደግፎ ሻይ የጠጣው ምሕረቱ እንደነበር ትዝ ያላት ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። በአገራችን ደንብ ሰው ጌታን ሲቀበል የድሮውን ጨሌና የጥንቁልና ዕቃ አውጥቶ ያቃጥላል፤ ሽማግሌዎች ከበው ይዘምራሉ። እሷም በልጅነቷ የአያቷ ጨሌ ሲቃጠል አይታ፣ አጨብጭባ ታውቃለች። ልክ እንደዚያው መስሏት ነበር።

ረቡዕ ቀን ሀቢሶ ዕቃ ሊያመጣ መሃል ከተማ፣ ሐበሻ ጅምላ ወደሚሸጥበት ጂፒ ሄደ። ምሕረቱ ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ መጣ። አማረች በገዛ እጇ ጥቅሉን ከዱቄቱ ጀርባ አውጥታ ሰጠቻቸው። ማንም አልቀማትም። በእጇ! የአከራያቸው በርሜል ግቢ ውስጥ እየነደደ ነበር። ገመዱን ፈትተው አንድ በአንድ ጨመሩት። የዳቦው ላስቲክ እየተኮማተረ ክፉ ሽታ ሸተተ። እነሱ እየዘመሩ ነው፤ ምን ቢዘምሩ ጥሩ ነው? «ቅጠሌ ቢረግፍ፣ ሥሬ አንተ ደጅ ነው።» አከራይዋ ጎጎ በሩ ላይ ቆመው አዩና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ሲሲ፣ ባለቤቱ የታለ?» እህቴ ማለታቸው ነው።

ሀቢሶ ከቀትር በኋላ ዕቃውን ከታክሲ አወረደ። ወደ ዱቄቱ ጀርባ አላየም፤ መጀመሪያ ያየው በርሜሉን ነው። ከአመዱ መሃል የደብተር መስፊያ ሽቦዎች ያብለጨልጫሉ፤ ሽቦ አይቃጠልም። ተንበርክኮ እየለቀመ መዳፉ ላይ አስቀመጣቸው። አልጮኸም። ምነው በጮኸ! ምነው ያንን የለስላሳ ሳጥን አንሥቶ በወረወረብኝ ትላለች አማረች እስከ ዛሬ።

«እቴ፣ አንቺ ነሽ የሰጠሻቸው ወይስ ገብተው ወሰዱት?»

«ገብተው ወሰዱት» አለችው።

ቀና ብሎ አያት። በበሩ ወደ ሱቁ ሲመለከት ከዱቄቱ ማዳበሪያ አንዱም እንዳልተንቀሳቀሰ፣ ጥቅሉ የት እንደነበረ የሚያውቅ እጅ እንዳወጣው አየ። «ዋሸሽ» አላላትም፤ ውሸቷ ግን ከመቃጠሉ በላይ እንዳቆሰለው ገባት። ሽቦዎቹን በባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ከተተ።

ጂፒ ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠራ ሮሃ የምትባል የአዲስ አበባ ልጅ አለች። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጋሽ ሀቢሶ፣ ያንን ነገር ያምጡት፣ በአንድ ቀን ስካን አድርጌ በስልክዎ ልላክልዎት» ስትለው ነበር። እሱ ደግሞ «ሲያልቅ፣ በንጹሕ ስገለብጠው» ይላታል፤ የእስር ቤቱን ሰው እያሰበ፣ ፊደሉ ላይ ሐረግ እየሳለ። ከአሥራ አንዱ የተረፈው ሮሃ ስልኳ ላይ ለናሙና ያነሣችው ሦስት ገጽ ነው፤ የከብት መልክ።

እሑድ ዕለት አማረች ብቻዋን ጀርሚስተን ሄደች። ምሕረቱ መዝሙሩን እያስጀመረ ነው፤ ያንኑ። አማረች ከሴቶቹ ወንበር ተነሣች። በሕይወቷ ሰው መሃል ተናግራ አታውቅም።

«አቁሙ!» አለች። «አቁሙት!»

«እህት አማረች፣ ኋላ እንነጋገራለን» አላት ምሕረቱ በማይኩ።

«ኋላ አልነጋገርም! ይሄ መዝሙር ከየት መጣ? እስቲ ንገሩኝ! እናቴ የሞተ ልጇን ታቅፋ ያለቀሰችበት ነው! ‹ቅጠልህ ረገፈ፣ ሥርህ እኔ ደጅ ነው› ብላ! ጌታን ያልሰማች ሴት ናት ያለችው፤ እንሰት ሥር ተቀምጣ! ወንድሜ ነው ጽፎ የጠበቀው። ሥሩን አቃጥላችሁ በቅጠሉ ትዘምራላችሁ?»

«መንፈስ ነው የተናገረው እህቴ…»

«መንፈስ አይደለም፣ እርስዎ ነዎት! ዱቄቴ ላይ ተደግፈው ሻይ የጠጡት! ሻዩን እኔ ነኝ ያፈላሁልዎት!» ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ አሳየች። «እኔ ደግሞ በእጄ የሰጠሁ ደደብ!»

አንዲት ሴት ከኋላ «ወይ ጉድ» አለች። ምሕረቱ ማይኩን እንደያዘ ቀረ፤ የትኛውን መዝሙር እንደሚያስጀምር ጠፋው።

አማረች ልትነግረው እየሮጠች ወደ ካትሌሆንግ ተመለሰች፤ «እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ ሙሉውን ግጥም አሁን ልበልልህ» ልትለው። ሱቁ ተዘግቷል። ቁልፉ አከራይዋ ጋ ነው። ሀቢሶ አንድ ጃኬቱን፣ የሚስስ ቤቫንን መጽሐፍ፣ የክብሪት ቀፎውን ይዞ ሄዷል። ከሻማው መደርደሪያ ላይ ባዶው ደብተር የለም።

ኋላ ከየሱቁ ወሬው መጣላት። ስፕሪንግስ ታየ፣ ቦክስበርግ ታየ። ከአንዱ የሀድያ ሰው ሱቅ ወደ ሌላው እየዞረ፣ ሽማግሌ ያለበትን ቤት እየጠየቀ፣ ሁለት ቀን ዕቃ እያቀበለ፣ እያደረ፣ ቃል እየለቀመ ይሄዳል አሉ። ባለሱቆቹ መጀመሪያ ቀለዱበት፤ በኋላ ግን እንጀራውን አቅርበው ዘራቸውን ያስቆጥሩት ጀመር። አማረች ይኼን ስትሰማ የመጽሐፉ ሰዎች ትዝ አሏት፤ ከንዴቷ መሃል ሳቅ መጣባት፣ ከሳቁ ኋላ ደግሞ ሌላ ንዴት። ይሄ ሁሉ መንከራተት የመጣው በእሷ እጅ ነው።

ስልክ አያነሣላትም። ስለዚህ የድምፅ መልእክት ጀመረች። ሱቁ ጋብ ሲል ሳጥኑ ላይ ትቀመጥና፣ የሱ ሳጥን ላይ፣ የእናቷን ለቅሶ ከመጀመሪያው ትለዋለች። ድምፅዋ ጎርናና ነው፤ ደንበኛ ይሰማታል፣ ግድ የላትም። በመጀመሪያው መልእክት ከግጥሙ በፊት «ዋሽቼሃለሁ፤ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ» አለች። ሦስቱን መልእክት እንደሰማ ስልኳ በሰማያዊ ምልክት ነገራት፤ መልስ ግን አልመጣም። አራተኛው፣ የግጥሙ መጨረሻ ያለበት፣ አልደረሰም።

ምሕረቱ ዛሬም ሽማግሌ ነው። አማረች ከዚያ ወዲህ ደጁን አልረገጠችም፤ ቤቷ ሆና ትጸልያለች። በርሜሉ ሲቀጣጠል ሄዳ ትቆምና የሚነደውን ታያለች፤ ወረቀት ካየች በእጇ ታወጣዋለች፤ ጣቷ ሁለት ጊዜ ተቃጥሏል።

ሀቢሶ ለመጨረሻ ጊዜ ያለበት የታወቀው ባለፈው መስከረም ሦስተኛው ሳምንት ነው። ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ዓብዩ የሚባል ሰው ሱቅ ጀርባ፣ የዓብዩ አባት ከሆኑ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ጋር አንድ ክፍል ይኖር ነበር። አሥራ ሁለተኛው ደብተር ግማሽ ደርሶ እንደነበር ዓብዩ ተናግሯል። አንድ ሐሙስ ጠዋት ወደ ደቡብ በሚሄድ ታክሲ ተሳፈረ። ስልኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝግ ነው።